ወይን የተሳለበት መድኃኒት

ሰኞ፣ መጋቢት 16

ዝናብ። ሆቴሉ ዛሬም ግማሽ ቀን አሠርቶ ሸኘኝ። አንሶላ የሚያቆሽሽ እንግዳ ጠፋ መሰለኝ…

ባስ ፌርማታው ላይ ቆሜ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በላሁ። ቅርፊቱን ኪሴ ከተትኩ። ይህን የሚያህል ሰው ተደብቆ እንቁላል ይበላል? ይበላል። እትዬ የውብዳር ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ እየዋሉ እኔ ፊታቸው ተቀምጬ እንቁላል ልላጥ? አባቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው። ባለፈው ክረምት ነው ከአገር ቤት ወደዚህ አሜሪካ ያስመጣኋቸው። እኔም እንደሳቸው የምጾም ይመስላቸዋል።

ቤት ስገባ የሽንት ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብለዋል።

"ምን ሆኑ እትዬ?"

"ምንም። ወለሉን እያየሁት ነው።"

ከቅዳሜ ጀምሮ ተቅማጥ ይዟቸዋል። ደብቀውኝ ኖሯል። እዚህ ቤት ሁሉም የሚደብቀው አለው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ክሊኒክ። ዶክተሯ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ደነገጥኩ። ሰውነታቸው ደርቋል አለች። ጨውና ስኳር ያለበት መጠጥ በጠርሙስ ይሸጣል፣ ቀኑን ሙሉ ፉት ፉት ይበሉ። አለዚያ ኩላሊታቸው ይጎዳል። ከወደቁ ደግሞ ሆስፒታል ነው።

"ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እጠጣለሁ በላት" አሉኝ።

"እሺ ብለዋል" ብዬ ተረጎምኩ።

"ለስቅለት እንደምሰግድም ንገራት።"

"ያመሰግናሉ" አልኳት። ምን ልበል ታዲያ?

ከዚያ በቀጥታ ግሮሰሪ። ጠርሙሱን ከሳል ሽሮፕና ከፋሻ መሃል አገኘሁት። ላዩ ላይ የወይን ዘለላ ተሥሏል። ካሸሯ ሠርካለም ነበረች፣ ቤተ ክርስቲያን የምናውቃት፣ ኮሌጅ የምትማረው። መንግሥት ለምግብ ብቻ የሚሰጠንን የፉድ ስታምፕ ኩፖን እዚያው ፊቷ ገነጠልኩ። ቤት ገንጥሎ ለመጣ ሰው አይቀበሉም። ማሽኑ ጮኸ።

"ሶሪ ወንዴ፣ ይሄን በፉድ ስታምፕ አይወስድም። ሜዲስን ነው የሚለው።"

"ጨውና ስኳር እኮ ነው።"

"አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ግን የሜዲስን ሼልፍ ላይ ነው ያለው። ካሽ የለህም?"

ካሽ ቢኖረኝ ኩፖን ምን ሊሠራልኝ? ኪሴ ውስጥ ያለው የባስ ብቻ ነው። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ አንድ ጋሪ ሙሉ ቺፕስና ኮካ በኩፖን ገዛ። ማሽኑ ትንፍሽ አላለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

ዛሬ ብልጠት መጣልኝ። ስኳርና ጨው በኩፖን ይገዛል፣ ውኃው ከቧንቧ። አገር ቤት ጤና ጣቢያ "ሕይወት አድን" እያሉ የሚሰጡት ይኸው አይደል? በጥብጬ አቀረብኩላቸው። አሸተቱት።

"ምን አለበት?"

"ስኳር። ጨው።"

"በርበሬ ቢገባበት ወጥ ነው። ምግብ ነው ልጄ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ አልቀምስም።"

"መድኃኒት ነው እትዬ።"

"በወጥ ማንኪያ የሚማሰል መድኃኒት የት አየህ? መድኃኒትማ ይመራል። ኮሶ ጠጥተህ አታውቅም?"

ተመልሼ ሄድኩ። ከፍሪጁ ውስጥ ስፖርተኞች የሚጠጡትን አነሳሁ። ሰማያዊ ነው። በኩፖን ቀጥ ብሎ አለፈ። ለሚሮጥ ሰው ሲሆን ምግብ፣ ለሚወድቅ ሰው ሲሆን መድኃኒት ማለት ነው…

እትዬ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት። "ሰማያዊ የሚጠጣ ነገር እግዜር አልፈጠረም" አሉ። "መስኮት ጥረግበት።"

እንግዲህ ይኸውልህ። መድኃኒት ከሆነ እትዬ ይጠጡታል፣ ኩፖን ግን አይገዛውም። ምግብ ከሆነ ኩፖን ይገዛዋል፣ እትዬ ግን አይጠጡትም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ጠጡ፣ እሱም አልረጋላቸውም። አሁን ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ፊቴን ስታጠብ ነው የመጣልኝ። ግሮሰሪው ራሱ መድኃኒት ነው እያለ አይደል? ሄደው በጆሯቸው ይስሙት። የመግዣውን ነገር ከዚያ በኋላ እናስብበታለን።

ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጋሪውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ገቡ። ኩፖኑን ገነጠልኩ። ማሽኑ ጮኸ። በዚያ ጩኸት ደስ ያለው ሰው ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

"አይቻልም እማማ" አለች ሠርካለም። "ሜዲስን ነው።"

"ማነው ያለው?"

"ማኔጀሩ።"

"ይጠራ።"

ተጠራ። ቀይ ክራባት ያሠረ ረጅም ሰው ነው። ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ይሄ ምግብ አይደለም፣ ለታመመ ሰው የሚሰጥ መድኃኒት ነው ብሎ አስረዳ። ሠርካለም ቃል በቃል ተረጎመች። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጥሩ። እንዲህ ፍርጥ አድርጎ የሚናገር ሰው እወዳለሁ። እጠጣዋለሁ።" ክዳኑን መጠምዘዝ ጀመሩ።

"ቆይ እማማ፣ ገና አልተከፈለም።"

ይሄኔ ጉልበታቸው ከዳቸው። ደግፌ ያዝኳቸው። ወንበር መጣ። ማኔጀሩ ፊቱ ነጣ… ከዚያ በላይ መንጣት ከቻለ። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ጠርሙሱን አየ። ሠርካለምን ገለል አድርጎ ማሽኑ ላይ በራሱ እጅ የሆነ ነገር መታ። ማሽኑ ዝም አለ። ኩፖኑን ተቀበለ! ሰውዬውን ጉልበቱን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

"ምን ብሎ አሳለፈው?" አሉ እትዬ ከወንበሩ ላይ።

ሠርካለም የዋህ ልጅ ናት። "ጁስ ብሎ ነው እማማ።"

"ጁስ?"

"አዎ። ኦኬ ነው አሁን፣ ፉድ ሆኗል።"

እትዬ ጠርሙሱን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። "ቅድም መድኃኒት አለ፣ አሁን ምግብ አለ። እኔ በጾሜ አልጫወትም።"

ማኔጀሩ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ። "ያመሰግናሉ" አለችው ሠርካለም። እሷም ገባት።

ጠርሙሱን እኔ ይዤው ወጣሁ። ተናድጄ ነበር። የሚሞቱብኝ መስሎኝ ነው የተናደድኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ጠርሙሱን ታቅፌ፣ እትዬን ደግፌ በሰባት ቁጥር ባስ ዳውንታውን። የነፍስ አባታቸው ቀሲስ ኪዳነ ወልድ በሥራ ቀን መኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ የመስታወት ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ትኬት ይሰጣሉ። በትንሿ መስኮት በኩል መስቀል አሳለሙን። ከኋላችን መኪና ቆሟል።

ጉዳዩን አስረዳሁ። ማሽኑን፣ ክራባቱን፣ ጁሱን። ጠርሙሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

"ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት አባቴ?" አሉ እትዬ።

"ማነው የታመመው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው መድኃኒት ነው።"

"በጁስ ስም ነው የተገዛው።"

"በፈለገው ይገዛ። ካልጠጡ ገዝቻለሁ፣ ግዝት ነው።" የኋላው መኪና ክላክስ አደረገ።

እትዬ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ስግደቴስ አባቴ? አንድ ዓመት አጓድዬ አላውቅም። ማን ይሰግድልኛል?"

ቀሲስ ትኬት እየቀደዱ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "እሱ" አሉ።

ዞር አልኩ። ከኋላዬ መኪና እንጂ ሰው አልነበረም።

"ጾሙንም በእርስዎ ፈንታ እስከ ሰዓቱ እሱ ይያዝ።"

እትዬ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍተው ፉት አሉ።

"ይጣፍጣል" አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

እሑድ፣ መጋቢት 29። ሆሳዕና

ቆዳቸውን ቆነጠጥኩት። ተመለሰ። እሳቸውም የኔን ቆነጠጡት፣ በኃይል። ተቅማጡ ቆሟል።

ቀሲስ ከተናገሩ ወዲህ እንቁላል አልቀመስኩም። ማንም አያየኝም እኮ። ፌርማታው ላይ እጄ ኪሴ ይገባና ባዶውን ይወጣል። ምን ነክቶኝ ነው?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4። ስቅለት

የምንከራየው አዳራሽ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ ነው። የኔ ቦታ ቅርጫቱ ሥር ሆነ። ጉልበቴ ሲነካ ያ የሳንቃ ወለል ጧ ይላል። መጀመሪያ ላይ ቆጥሬ ነበር… ከዚያ ቁጥሩም ጠፋኝ። እትዬ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ሆነው ዓይናቸውን ከኔ አይነቅሉም። ገና ጀማሪ ሠራተኛ የሚቆጣጠሩ ይመስላሉ።

አንዱ ስግደት ላይ ጎንበስ አልኩ፣ አልተነሳሁም። የሜዳውን ቀይ መስመር አየሁ፣ ቀጥሎ ምንም። አንዱ አጠገቤ "ወንዳፍራሽ ፈረሰ" ሲል ሰምቻለሁ። በስቅለት ይቀለዳል?

ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል። ከነጠላቸው ውስጥ ወይን የተሳለበትን ጠርሙስ አወጡ። ሰዓቱ ገና ነው።

"ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?" አልኳቸው።

"ዝም ብለህ ጠጣ።"

ጠጣሁ። እውነትም ይጣፍጣል። ተነስቼ ጨረስኩ። መጨረሻ ላይ ቀሲስ በቅጠሉ ጀርባዬን ቸብ አደረጉኝ። "ይሄ የሳቸው" አሉ። ደገሙኝ። "ይሄ ያንተ።" የኔው ይጠነክራል።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6። ፋሲካ

ዶሮ። እንቅልፍ። ደረጃ መውረድ አልችልም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9

ጠዋት ክሊኒክ ነበርን። ኩላሊታቸው ደህና ነው። ዶክተሯ የታዘዙትን ስለጠጡ አመሰገነቻቸው። እኔም በትክክል ተረጎምኩ።

ቤት ስንመለስ ሳልጠይቃቸው እንቁላል ጠበሱ። ሁለት። ሳህኑን ፊቴ አኖሩት። ጾም የለም፣ በሃምሳው ረቡዕም ይበላል።

"ብላ" አሉ። "ወይስ የባስ ፌርማታው ይጥማል?"

እጄ አየር ላይ ቀረ።

"ያውቁ ነበር?"

"ኪስህን የማጥበው እኔ አይደለሁም? ሁዳዴን ሙሉ ቅርፊት ሳራግፍ ነው የከረምኩት።"

ጎንበስ አልኩ። "ታዲያ እንደማልጾም እያወቁ… ቀሲስ 'እሱ' ሲሉ ለምን ዝም አሉ? እንደኔ ያለው ሰው ሰግዶልዎ ምን ሊሆን?"

እትዬ መጥበሻውን ያጥቡ ነበር። አልዞሩም።

"ሌላ ማን አለኝ?" አሉ።

እንቁላሉን በላሁ። ጨው በዝቶበታል። ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ጨረስኩት።