የተደፋው ወተት ዋጋ

ሜይ 28፣ ሐሙስ

ኤርቪን ኔስሊ ዛሬ የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎች የሚሰጠውን የወረርሽኝ ክፍያ ለመቀበል ፈረመ። በአውራጃችን ካሉት አሚሾች፣ በጥንቱ ሥርዓት ከሚኖሩት ክርስቲያን ገበሬዎች፣ ሲፈርም ያየሁት እሱን ብቻ ነው። የእርሻ ቢሮው በኮሮና ምክንያት ዝግ ነው፤ ሠራተኛዋ ወረቀቱን በበሩ ክፍተት አቀበለችው፣ በመኪናዬ ኮፈን ላይ አድርጎ ፈረመ። እነሱ መኪና አይነዱም። ከጋዜጠኝነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማደርሳቸው እኔ ነኝ።

ስንመለስ ጠየቅኩት።

«ቤተ ክርስቲያናችሁ የመንግሥት እርዳታ አይቀበልም አልነበር?»

«እርዳታ ማን አለ? ኤፕሪል ላይ ገዢ ሲጠፋ ወተቱን ድፋ አሉኝ፣ ደፋሁ። የዚያ ዋጋ ነው።»

«ድፋ ያለህ የወተት ፋብሪካው፣ የሚከፍልህ መንግሥት!»

«ታዲያ አይተዋወቁም?» ብሎ ሳቀ።

የደፋ ቀን እዚያ ነበርኩ። ወተቱን ወደ ፍግ ጉድጓዱ ሲለቀው ሚስቱ ሎቪና ቆማ አየች። ዋጋ ነው ወይስ ምጽዋት? እኔም አላውቅም።

ጁን 16

ገንዘቡ ባንክ ገባ። የመኖ ዕዳውን ከከፈለበት ላሞቹ ይተርፋሉ። ካልሆነ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ሐራጅ ነው።

ጁላይ 9

ዲያቆናቸውን አብራምን ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኩ። ሲመለስ አፉ ደንዝዟል።

«ኤርቪንን እዚያ ቢሮ የወሰድከው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ወደ ጥርስ ሐኪሙ ብትወስደው ይሻለው ነበር።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ዛሬ መንግሥት ከደረሰልን፣ ነገ የጎረቤት ጎተራ ሲቃጠል ማን ይነሣል?»

አምና የራሱ ጎተራ ተቃጥሎ ነበር። ሁሉም መጥተው በአንድ ቀን ሲያቆሙት አይቻለሁ።

ኦገስት 2

ኤርቪን ገንዘቡን አልነካውም። ዕዳውንም አልከፈለም። ምን እየጠበቀ ነው?

ሴፕቴምበር 26፣ ቅዳሜ

ሎቪናን ገበያ አደረስኳት።

«ኤርቪን ገንዘቡን መልስ ቢሉት እሺ ሊል ነው» አለች።

«አንቺስ?»

«ከቁርባን በፊት ያለው ጉባኤ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ውሳኔ ይስማማ እንደሆነ ሁሉም በየተራ ይጠየቃል። ሴቱም። አንድ ሰው አልስማማም ካለ፣ ቁርባኑ ለሁሉም ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ልትዪ ነው?»

«ግማሾቹን ላሞች በጡጦ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ።»

«እሱ መልስ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥተህም አላረፍክ!»



ኦክቶበር 8፣ ሐሙስ

ኤርቪን ገንዘቡን እንደሚመልስ ለዲያቆኑ ነገረው። ሐራጅ የሚያካሂደው ሰውዬም መጥቶ ላሞቹን አይቶ ሄዷል። ሎቪና ከቤት አልወጣችም አሉ።

ማታ አብራም መንገድ ዳር ካለው የጋራ ስልካቸው ደወለ።

«ሎቪና ጉባኤው ላይ ምን እንደምትል ነግራሃለች?»

«አልነገረችኝም።»

«ለእኔም። ሰማህ ዋልት… ላሞቹን ለብርዱ ወራት በየቤታችን ልንከፋፈላቸው ተስማምተናል። መኖ አለን። ዕዳውንም አዋጥተን እንዘጋለታለን። ብርዱ ሲያልፍ እነ ኤርቪን ይወስዷቸዋል።»

«ታዲያ ንገራታ!»

«ከጉባኤው በፊት? ቃሏን በላም ገዛሁት ማለት ነው እኮ። ከልቧ የመጣውን ትበል፣ ከዚያ ትሰማለች። አንተም እንዳትነግራት።»

እሺ አላልኩትም። እምቢም አላልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራዬ የሰማሁትን መናገር ነበር…

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ሎቪናን ገበያ አደርሳታለሁ። ጉባኤው እሑድ ነው።