የነሐሱ ማገናኛ

የካቲት 3፣ ሰኞ

አዛዡ ጠዋት መጋዘን ድረስ መጣ። እሱ መጣ ማለት ሥራ መጣ ማለት ነው። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤታችን ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መግቢያው አጠገብ ያለው ክፍል ይጸዳና የድሮ ዕቃ ይደርደርበት፣ ዓርብ እንግዶች ይመጣሉ አለ። ማን ይደርድር? እኔው ነኛ! የመጋዘን ኃላፊ ተብዬ የለ…

ቀኑን ሙሉ አቧራ ስውጥ ዋልኩ። የቆዳ ባልዲ ስድስት። በስምንት ሰው የሚገፋ የእጅ ፓምፕ። የሸራ ቱቦ፣ ከዳር እስከ ዳር የተጣጣፈ። የነሐስ ቆብ… ማማሩስ ያምራል። ግን ሲግል የለበሰውን ሰው ጭንቅላት ይቀቅል ነበር አሉ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ጋሽ ፓምፕ መጡ። ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመታቸው! እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ዕቃውን አንድ በአንድ እየዳሰሱ አወሩኝ።

«ልጄ፣ ድሮ ሰው ከወንዝ እስከ ቤቱ ተሰልፎ ባልዲ ይቀባበል ነበር። ቤቱ ጋ ሲደርስ ግማሹ ፈስሷል፣ ግማሹን ጠጥተነዋል!»

ስቄ ሞትኩ። ደግሞ ቱቦን ከውሃ መውጫ ጋር ስለሚያጋጥመው ማገናኛ አወሩኝ። አሁን ያለው መኪና የመጣ ዕለት ቱቦው መንገድ ላይ ካለው የውሃ መውጫ ጋር አልገጥም ብሎ ጉድ ፈላ። የአንዱ ጥርስ ሌላ፣ የሌላው ሌላ። እሳቸው ናቸው ቶርኖ ቤት ቆመው ማገናኛውን በነሐስ ያስቀረጹት። ዛሬ የውሃ መውጫው በየሰፈሩ ተቀይሯል። የድሮው የቀረው አሮጌው ገበያ ብቻ ነው።

ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ዕቃው ለሚታይበት የመስታወት ሳጥን የሚነጠፍ አረንጓዴ ጨርቅ ሰፍታ አመጣች። የሠራተኛውን ቱታ ሁሉ የምትሰፋልን እሷ ናት፤ ቤቷ አሮጌው ገበያ፣ ፎቅ ላይ ነው። ሳጥኑን አየችና «አንቺ፣ ይሄ ሁሉ ዝገት! መሀሉ ላይ የሚያበራ ነገር አድርጊበት እንጂ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የሚያበራ ነገር አገኘሁ። ማገናኛውን ከመኪናው የጎን ሳጥን አውጥቼ በአመድና በሎሚ አሸሁት። ወርቅ መሰለ! ሳጥኑ መሀል አስቀመጥኩት።

ሾፌሩ፣ የእህቴ ባል፣ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነው። ቢኖር ይነተርከኝ ነበር። መዝገብ ላይም አልጻፍኩትም። ለአንድ ቀን ምን ይጻፋል? እንግዶቹ ሲሄዱ እመልሰዋለሁ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

እንግዶቹ ወደዱት። አዛዡ ጥርሱን መክደን አቅቶት ዋለ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ወይ እኔ፣ ማገናኛው! ረስቼው። ልመልሰው ስል ነገ ደግሞ ተማሪዎች ይጎበኛሉ ተባለ። እነሱ ይሂዱና። አሥር ዓመት ያልተነካ ዕቃ አንድ ቀን ቢጨምር ምን ይሆናል?

የካቲት 13፣ ሐሙስ

መጻፍ አልችልም።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አሮጌው ገበያ ተቃጠለ።

ተማሪዎቹን ሸኝቼ መስታወቱን እየወለወልኩ ነበር። የመገናኛ ሬዲዮው ክፍት ነው። የእህቴ ባል ድምፅ… «ቱቦው አልገጠመም! ማገናኛው የለም!» ደግሞ «ኧረ ማገናኛው የት ሄደ?»

ፊቴ ነው ያለው። መስታወቱ ውስጥ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ።

አውጥቼ ሮጥኩ። ታክሲ የለ፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ በእግሬ። ስደርስ የውሃ ቦቴው መጥቶ እያጠፋ ነበር። የመጀመሪያው መኪና የያዘው ውሃ በአራት ደቂቃ አልቋል። ቦቴው የመጣው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። የውሃ መውጫው ከሰፊዋ ደጅ አሥር እርምጃ አይሆንም… አሥር እርምጃ!

ሰፊዋን ከፎቅ አውርደው ከነፊቷ ብርድ ልብስ አልብሰዋታል። ማገናኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ይዤው ቤቴ ገባሁ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

የእህቴ ባል ታገደ። በየጠዋቱ «ዕቃው ተሟልቷል» ብሎ የሚፈርመው እሱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳጥኑን ሳይከፍት ፈርሟል።

እህቴ መጣች። አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። «እትዬ፣ እህል አልቀምስም ብሏል። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ የት እንደጣልኩት አላውቅም ይላል። ቢያስሩትስ?»

ማገናኛው አልጋው ሥር ነው። የጫማ ካርቶን ውስጥ። ከተረከዟ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

«አይዞሽ» አልኳት። አይዞሽ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ፈርሞ የለ? ከፍቶ ቢያይ ኖሮ በነጋታው ይደረስበት ነበር። ጥፋቱ የሱም ነው… ይህን ለራሴ ስደጋግም ዋልኩ። ለአንድ አፍታ አምኜው ነበር።

የሳጥኑ ጨርቅ ላይ ክብ ምልክት ቀርቷል። ነሐሱ ተጭኖት። በመዳፌ ባሸው ባሸው አልጠፋ አለ።

ጋሽ ፓምፕ ገቡ። ሳጥኑ አጠገብ ቆሙ። ጣታቸውን ክቡ ላይ ቀስ ብለው አዞሩ።

«እዚህ ምን ነበር፣ ልጄ?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«ስፋቱን አውቀዋለሁ» አሉ። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ምነው በሰደቡኝ!

የካቲት 20፣ ሐሙስ

መጀመሪያ እህቴ ጋ ሄድኩ። ባሏ አልነበረም። ቆሜ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና…

«አልጋሽ ላይ ሳለቅስ እዚያው ነበር?»

«አዎ።»

ተነስታ በሩን ከፈተችው። ወጣሁ።

ከዚያ ቃጠሎውን የሚያጣራው ኮሚቴ ጋ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። አዛዡ «ይሄ እኮ…» ብሎ ቀረ። በገዛ እጁ ለእንግዳ ያሳየው ዕቃ ነው። «ከመኪናው የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሾፌሩ አያውቅም» አልኩ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ዛሬ የሥራዬ መጨረሻ ቀን ነው። የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ ሰኞ ነው።

የእህቴ ባል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ሥራ ጀምሯል። ማገናኛውን ሊረከብ መጣ። በጣም ከስቷል። ድሮ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስለቅሺ ነው?» እያለ ነበር የሚገባው። ዛሬ «የት ልፈርም?» ብቻ። ዕቃውን አገላብጦ አየው፣ ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ ፈረመ። ይቅርታ ልለው ነበር። ጀርባውን ነው ያየሁት። የመኪናው የጎን ሳጥን ሲከፈት ሰማሁ። ሲዘጋም።

የምትተካኝ ልጅ ክቡን አየችና «ጨርቁ ተበላሽቷል፣ ልቀይረው?» አለች።

«እንዳትነኪው!» ጮህኩባት መሰለኝ። ደነገጠች።

ወረቀት ቆርጬ መግለጫ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ሲረዝም ሰበብ ይመስላል። መጨረሻ ላይ «ማገናኛ። መኪናው ላይ ነው» ብዬ ጻፍኩና ክቡ መሀል አስቀመጥኩት። ከሥሩ የሰፊዋን ስም ጻፍኩ።

ሳጥኑን ቆለፍኩና ቁልፉን ለልጅቷ ሰጠኋት።