የጅሬን አመድ

ውድ ቦና፣

እውነተኛ ስምህ ይህ ከሆነ ማለቴ ነው። ዕድሜህን ስለማላውቅ «አንተ» ስልህ አትቀየመኝ።

የቡና ገበሬዎቹን የቴሌግራም ቡድን ስከፍት ያስቀመጥኩት ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ ጠያቂው የታመመበትን ቡና ቅጠል ፊትና ጀርባ በፎቶ ሳይልክ ማንም መልስ አይስጥ። በዚህ ደንብ ከሰኮሩ እስከ ጅማ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች እርስ በርስ ተማመኑ። አንተ የገባኸው ግን ለቀማ ሊጀመር ሲል ነው። ፎቶህ የለም። መንደርህን ስትጠየቅ «እዚሁ አካባቢ» ትላለህ። ለሰው ሁሉ ፈጥነህ ትመልስና መጨረሻ ላይ «ዘንድሮ ፍሬው እንዴት ነው? ብዙ ይዟል?» ትላለህ። የነጋዴ ጆሮ ጠቢ ነው፣ የማን ማሳ ምን ያህል እንደያዘ አጥንቶ ዋጋ ሊሰብርብን ነው አልኩ።

ላስወጣህ ፈለግሁ። ግን በመምህርነት ዘመኔ ያለ ማስረጃ ተማሪ አባርሬ አላውቅምና ፈተና አወጣሁልህ። «የጅሬን አመድ የሚባለውን የቡና በሽታ የሚያውቅ አለ? ቅጠሉን ግራጫ ያደርጋል» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ የሚባል በሽታ የለም፤ ቁርስ እየበላሁ የፈጠርኩት ነው። አስመሳይ ከሆንክ «አውቀዋለሁ» ትላለህ፣ ያኔ እይዝሃለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

ቀድሞ የመለሰው የአሰንዳቦው ሀቢቡላህ ሆነ፤ ቡድኑን አብሮኝ የመሠረተው ሰው!

«ወላሂ አውቀዋለሁ ቲቸር! አባቴ ማሳ ገብቶ ነበር። መፍትሔው ጉንደላ ነው፤ ግንዱን ከሥር መቁረጥ።»

ሌላው አባላችን ፈለቀ ተከተለው፦ «እኛ ሰፈርም ገብቷል።»

ከዚያ የሰኮሩዋ ለጢፋ፦ «ያ ረቢ! የኔም ቅጠሉ ግራጫ ሆኗል። ባለቤቴ መጥረቢያ እየሳለ ነው።»

ደነገጥኩ። «ውሸት ነው» ብዬ ለመጻፍ ፊደሎቹን ስፈልግ አንተ ቀደምከኝ።

«እኔ ይህን በሽታ አላውቀውም። እህት ለጢፋ፣ እንዳትቆርጡ። የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ላኪልን።»

ላከች። ጀርባው ንጹሕ አረንጓዴ ነበር። ፊቱ ላይ ያለው የመንገድ አቧራ ነው።

ፈተና መሆኑን ስናገር ለጢፋ ምን እንዳለችኝ አይተሃል፤ «ቲቸር፣ እርስዎ አንድ ሰው ሊፈትኑ እኛ ጦማችንን ልናድር ነበር እኮ!» ሀቢቡላህ የአባቱን ማሳ ነገር እስከ ዛሬ አላነሳውም።

እንግዲህ ደንቤን ያከበርከው አንተ ብቻ ሆንክ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የቡድኑ ጠባቂ አድርጌሃለሁ፤ ሰው ማስገባትም ማስወጣትም ትችላለህ፣ እኔንም ጭምር። አመንኩህ ማለት ግን አይደለም። ክፍል ውስጥ የምጠረጥረውን ልጅ ሁልጊዜ የማስቀምጠው ከፊት ወንበር ነበር። ጆሮ ጠቢም ቢሆን «አላውቅም» ማለት አያቅተውም፤ ስለ ፍሬው ለምን እንደምትጠይቅም ገና አልነገርከኝም።

ቅዳሜ አሰንዳቦ ገበያ፣ ሀቢቡላህ ሱቅ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። እስካሁን ያሳየኸኝ አንድ ወገንህን ብቻ ነው፤ ሌላውን ይዘህ ና። ደንቡ ለሁሉም ነው።

እስክንተያይ ድረስ የምጠረጥርህ፣
እንድርያስ