ምሕረት የት ትውለድ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጎረቤቴ ማማ ጉዮ ደም ብዛቷ እንደገና ተነሥቶባታል። ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠርታ ነገረችኝ። ጨው ተከልክላለች፤ እሷ ግን «ግመል እንኳ ጨው ይሰጠዋል፣ እኔ ምን በደልኩ?» ትላለች። ምራቷ የወለደችበት የኦፕራሲዮን ቁስል ድኖላታል፣ ሕፃኑም ጠግቦ ይተኛል። ልጇ ጉዮ ከገጠር ከጎዶማ ሁለት ፍየል ይዞ መጥቷል። አንዷ ታነክሳለች።

እዚያው ቆመን ስለ ልጄ ስለ ምሕረት ጠየቀችኝ። ምሕረት የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው። ባሏ ዳንኤል የጭነት መኪና ይዞ ከዚህ ከድንበር ናይሮቢ ከወረደ ሳምንት ሆነው፣ ስለዚህ እኔ ጋ ናት።

«ሆስፒታል እንዳትወስጃት፣ ማማ ምሕረት» አለችኝ። «የኔን ምራት አየሻት አይደል? ገና ከመግባቷ ቀደዷት። ቡቲዬ ሰፈር ያለው አዲሱ ማዋለጃ ይሻላል። የምታዋልደው ሴት ናት፣ ቢላም የላቸው።»

ቢላ አለመኖሩ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የማማ ጉዮ የእህቷ ልጅ እዚያው ማዋለጃ ምግብ አብሳይ ናት። ጠረጠርኩ። ጎረቤቴን እወዳታለሁ፤ ግን ሰው ለዘመዱ እንጀራ ሲል ስንት ያወራል።

ከሰዓት ምሕረት ከማዋለጃው ክትትል ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። አዋላጇ ሲስተር ሩት የክትትል ደብተሯን አይታ «ቀንሽ ካለፈ አራት ቀን ሆነ» ብላታለች። እስከ ዓርብ ምጥ ካልመጣ እነሱ አይቀበሏትም። ሆስፒታል ሄዳ ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ትወስዳለች።

«መድኃኒቱ አልሠራ ካለስ?» አልኳት።

«እማ፣ አንቺ ንገሪኝ እንጂ እኔን ትጠይቂኛለሽ?» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ማዋለጃውን የመረጠችው ራሷ ናት። እዚያ እኔ አብሬያት እገባለሁ፣ እንዳሻት ትቆማለች፣ ትንበረከካለች፣ ማንም አይቆጣትም። የማማ ጉዮን ምራት ስትቃትት ካየች ወዲህ ሆስፒታል የሚለውን ቃል መስማት አትፈልግም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ወር ነይ ነይ ሲሏት ከርመው መጨረሻ ላይ ሂጂ! ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤልን ተሳልሜ ስመለስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ቦዳ ሞተር ያዝኩ። ልጄ የምትወልድበትን ቤት በዓይኔ አያለሁ ብዬ። እኔ በርበሬ ስገዛ እጄን እስከ ጆንያው ሥር ሳልከት ገዝቼ አላውቅም። ከላይ ቀይ፣ ከሥር ሌላ ነው።

ሞተረኛው ገና «ቡቲዬ» ስለው «ማዋለጃው ነው፣ ማማ?» አለኝ። ማን ነገረው? ሆዴ መቼም ትንሽ አይደለም፣ ግን በዚህ ዕድሜዬ!

«በምን አወቅክ?»

«ነጠላ ለብሰው ቡቲዬ የሚሄዱ ማማዎች ሁሉ እዚያ ናቸው» ብሎ ሳቀ።

ሰው ባደረሰ ቁጥር የሻይ ይሰጡት ይሆን? አልጠየቅኩትም፤ እስክንደርስ ድረስ ግን ማጅራቱን በጥርጣሬ ሳየው ነበር።

ቤቱ ንጹሕ ነው። መጋረጃው ነጭ፣ ወለሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ምጥ ላይ የሚይዙት ገመድ ከጣሪያው ወርዷል፣ ከሥሩ ምንጣፍ። ሲስተር ሩት የእኛው ሰው ልጅ ናት። አባቷ ማርሳቢት ሱቅ ነበረው፣ አማርኛውን ከሱ ነው የለመደችው። «ማዘር» እያለች፣ ደግሞ «አንቺ» ትለኛለች። ኬንያ ያደገ ሁሉ እንዲያ ነው፣ አልቀየምኳትም። የከበደኝ ፈገግታዋ ነው። እንዲያ የሚስቅ ሰው የሚሸጠው ነገር አለው።

«ደም ቢፈስባትስ በምን ትወስዷታላችሁ?» አልኳት።

«መኪና አለን፣ ማዘር። ከጓሮ ናት።»

ሄጄ አየኋት። አራት ጎማ አላት፣ እሱ እውነት ነው። ከሥሯ ግን ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

«አስነሺልኝ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቁልፉ ሹፌሩ ጋ ነው፣ ሹፌሩ ሠርግ ሄዷል፣ ባትሪውም «ትንሽ ደክሟል»። እሺ። ዶሮ የምትታቀፈው ሦስት ሳምንት ነው። ያቺ መኪና ታዲያ መቼ ነው የተነቃነቀችው?

የዓርቡንም ጠየቅኋት። «የመጀመሪያ ልጅ ሆኖ ቀኑ ሳምንት ካለፈ እኔ አልደፍርም» አለችኝ። በሆዴ፣ ለዚህ ነዋ ስምሽ ያማረው፣ ቀላል ቀላሉን ታዋልጂና ከባዱን ወደዚያ ትገፊዋለሽ አልኩ።

ለምሕረት የዶሮዋን ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከሳቀች ሦስት ቀኗ ነበር። ስትጨርስ ግን «ሹፌሩ ከሠርግ ይመለሳል» አለች። ልቧ አሁንም ቡቲዬ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሆስፒታል ሄድን። «ለመጠየቅ ብቻ ነው፣ አንተኛም» ብዬ ምዬላት ነው የወጣችው። ደብተሩን ከትከሻዋ በጣለችው ጨርቅ፣ በሌሶዋ ውስጥ ደብቃዋለች። ለምን ስላት «ካላዩት አያስተኙኝም» አለች። ይቺ ናት እናት ልትሆን!

አዋላጁ ወንድ! ጃርሶ ይባላል። የምሕረት ታላቅ ቢኖር እሱን ነበር የሚያህለው። ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

«ሴት የለችም?» አልኩት።

«አለች፣ ማማ። እያዋለደች ነው። ይጠብቋታል?»

«እርስዎ» አለኝ። በኢትዮጵያ በኩል ነው የተማረው። እጠብቃለሁ ልል ስል ምሕረት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ደብተሩን ከሌሶዋ አውጥታ ሰጠችው።

ሆዷን በእጁ አየ፣ በሜትር ለካ፣ ደብተሩን ገለጠ፣ እንደገና ለካ። ሁለተኛ ሲለካ ተጠጋሁት።

«ምን አየህ?»

«ይህ ሆድ ቀን ያለፈበት አይመስልም። የወር አበባ መጨረሻ ያየችበትን ቀን ማነው የተናገረው?»

«እኔ» አልኩ ፈጠን ብዬ። «የከተራ ዕለት ነው፣ ጥር ዐሥር። ታቦት ልናጅብ ስንወጣ አመመኝ ብላ ቤት ቀረች። ቀሚሷ ተተኩሶ ሳይለበስ ቀረ። እንዴት እረሳዋለሁ?»

ደብተሩን ወደ እኔ አዞረው። «እዚህ የተጻፈው ጃንዋሪ ዐሥር ነው።»

«አዎ፣ ጥር ነዋ!»

«ማማ፣ ከተራ በፈረንጁ ስንት ቀን ይውላል?»

እኔ ጣቴን ስቆጥር ምሕረት ቀደመችኝ። «ዐሥራ ስምንት» አለች፣ ቀስ ብላ።

ስምንት ቀን! ያኔ ሲስተር ሩት ደብተሩን ልትከፍትላት ቤታችን መጥታ ስትጠይቅ እኔ «ጥር ዐሥር» አልኩ፣ እሷ ወሩን በፈረንጅ ስም ቀየረች፣ ቀኑን እንዳለ ተወችው። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። ሠላሳ ዓመት እዚህ ድንበር ላይ ስኖር ለበዓልና ለፆም በእኛ፣ ለቢሮና ለትምህርት ቤት በእነሱ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ተምታቶብኝ አያውቅም። በልጄ ሆድ ተምታታብኝ። ምሕረት እኮ እዚያው ተቀምጣ ነበር። የተጠየቀችው እሷ ናት። መልሱን ከአፏ ነጠቅኳት።

ቀኗ ቅዳሜ ነው ማለት ነው። ጃርሶ መድኃኒትም አያስፈልግም አለ፣ ወደ ቤት ሂዱ። ምጥ ከጀመረ፣ ውኃ ወይ ደም ከፈሰሰ፣ ሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ወዲያው ኑ።

መንገድ ላይ፣ ለምን እንዲህ በቀላሉ ለቀቀን ብዬ ጠረጠርኩ። ቆይቼ በራሴ አፈርኩ። ሂጂ ያለኝንም ተቀመጪ ያለኝንም ከጠረጠርኩ ማንን ላምን ነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት ምሕረት እንደ ማክሰኞው ወደ ግድግዳው ዞራለች። ሻይ ሳቀርብላት ተቀበለችና፣ «ሳይደርስ መድኃኒቱን ሰጥተውኝ ቢሆንስ?» አለች። ስኳር ጨመርኩላት።

ሲስተር ሩት ትናንት ደውዬ ስለነገርኳት አምስት ሰዓት ላይ በቦዳ መጣች። ማማ ጉዮም ወተት ይዛ ገብታ ነበር። ሩት አልተቀመጠችም። «ጥፋቱ የኔም ነው። በማን አቆጣጠር ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። «አሁን ቀንሽ ነገ ስለሆነ እቀበልሻለሁ፣ ምሕረት።»

«መኪናዋስ?» አልኩ።

«አልተነሣችም፣ ማዘር። አልዋሽሽም። በዚህ ሳምንትም አትነሣም።»

ለውሸት ተዘጋጅቼ ነበር።

«እንግዲያው ሆስፒታል ይሻላል» አልኩ። ማማ ጉዮ ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ የወተቱን እቃ ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ምራቴን ሁለት ቀን ቤት ያቆየኋት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

«ምን አልሽ?»

«ምጥ ላይ። ሁለት ቀን። እኔ ሰባት ልጅ ቤት ወልጃለሁ፣ ትችላለች አልኩ። ስናደርሳት ልጁ ደክሟል። ዳክታሪው ለምን ዘገያችሁ ሲለኝ ቋንቋ እንደማያውቅ ሰው ሆንኩ። ባይቀዷት ሁለቱም አልነበሩም። ለአገሩ ሁሉ ግን ቀደዷት እያልኩ አወራሁ።» በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ለጉዮ እንዳትነግሩት።»

ሩት ጎንበስ ብላ እጇን ያዘችላት። እኔም የማላውቀው ነገር በአጥሬ ሥር ሲያልፍ መክረሙ ገረመኝ፤ የእህቷን ልጅ ስጠረጥር ነበር የከረምኩት።

ከዚያ አፌን ከፈትኩ። በቃ፣ ተወሰነ ልል።

«እማ፣ አንቺ አትናገሪ» አለች ምሕረት። ተነሥታ ቆማለች፣ እጇ ወገቧ ላይ። «ሆስፒታል እወልዳለሁ። ግን የሚጠይቁኝን የምመልሰው እኔ ነኝ። ያዢኝ፣ ደግፊኝ፣ አትመልሺልኝ።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት እንዲህ ይከብዳል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ቀኗ ነው። ምንም የለም።

የተዘጋጀ፦ የመታጠቢያ ካራይ። ሦስት ሌሶ። ጥጥ። ሳሙና። መታወቂያዋ። ደብተሩ። ዳንኤል ከናይሮቢ የላከው የሕፃን ልብስ፣ ሁሉም ሰማያዊ። ለምን ሰማያዊ? እኛ ያላወቅነውን ማን ነገረው? ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ከተትኩ።

ከሰዓት «ልጁ ዝም አለብኝ» አለች። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥታ በግራ ጎኗ ተኛች። ቦርሳውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እሷን አያለሁ። ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። አንድም ሰው አላየኝም እንጂ ቦርሳውን እንደያዝኩ እስክስታ መትቻለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ትናንት እጄ ስላልተፈታ አልጻፍኩም።

ምጡ እሑድ ማለዳ ጀመራት። ባጃጅ ይዘን ገባን። መዝጋቢዋ ስንተኛ እርግዝና ነው፣ መቼ ጀመረሽ፣ ምን በላሽ ስትል ከንፈሬን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ምሕረት በየምጡ መሃል እየተነፈሰች ሁሉንም መለሰች፣ አንድም አልሳተችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴት ልጅ! ቢላ የሚባል ነገር አልተነሣም። ተንበርክካ እጇን አንገቴ ላይ አድርጋ ቆይታለች፣ ማንም አልተቆጣትም። አንገቴ ዛሬም አይዞርም።

ልጅቷ ካለቀሰች በኋላ ግን የምሕረት ደም አልቆም አለ። ጃርሶ ሴቷን አዋላጅ ጠራት። እሷ መርፌውን ወጋች፣ እሱ ሆዷን በእጁ ይዞ ተጫነ፣ ሌላ ሰው ግሉኮስ ሰቀለ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። የማርያምን ስም እየጠራሁ የምሕረትን እግር ይዤ ቆምኩ። ቡቲዬ ሆነን ቢሆን ኖሮ ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። ደሙ ቆመ። ጃርሶ «ቆሟል፣ ማማ፣ አሁን ይቀመጡ» ሲለኝ ነው መቆሜን ያወቅኩት።

ዛሬ ከሰዓት ለቀቁን። ከዚያ ወዲህ በሩ አልተዘጋም።

መጀመሪያ ማማ ጉዮ ገባች። ብርድ ልብሱን ገልጣ «ይህ ጠጉር የማን ነው? የናንተ ቤት እንዲህ ያለ የለም» አለች። በዳንኤል ወገን ነው አልናት። ምራቷንም ይዛ መጥታለች። ምሕረትና እሷ በጆሮ ተንሾካሹከው ሳቁ፣ ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሴቶች መጡ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገንፎውን ጨርሰውት ሄዱ፤ አንዷ ብቻ ቀረች። ዳንኤል ደውሎ አለቀሰ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ከኢሲዮሎ አልፌያለሁ አለ። ሲስተር ሩት መጣች፣ «ሳላዋልድሽ ቀረሁ» ብላ ሕፃኗን ግንባሯ ላይ ሳመቻት።

የቀረችው ሴትዮ ናት ያየችው። «ዓይኗ ቢጫ አይልም? ወይስ መጋረጃው ነው?»

መጋረጃውን ሰበሰብን። መጋረጃው አይደለም።

«ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጫት» አለች ማማ ጉዮ። «ስኳር በውኃ አቅምሷት» አለች ሴትዮዋ። «ስኳር በፍጹም አይሆንም» አለች ሩት። «ብዙ ሕፃን ላይ ይታያል፣ ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪያት። ግን ነገ በጠዋት ሆስፒታል ትታይ።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ገንፎው የተበላበትን ሳህን አነሣሁ።

«ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አለች ምሕረት። «እኔ እናገራለሁ፣ እማ ልጅቷን ትይዛለች።»