ስለ ልጄ ስለ ቤዛዊት ግራ ጆሮ

ለተከበሩ መምህር ይኸነው
ምክትል ርዕሰ መምህርና የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዳንግላ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ባሉበት ይድረስዎ። እርስዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ? በተለይ ቀኝ እጅዎ እንደምን ሰነበተች? ሥራ ስለሚበዛባት አሳቧ ከልቤ አልወጣም። እኔ ጋሪ ነጂው አበረ፣ ፈረሴም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ቤዛዊትም በቀኝ ጆሮዋ ደህና ናት።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ መጥቼ አፌን ስከፍት «ዝም በል!» ስላሉኝ ነው፤ ወረቀትን ዝም በል ማለት አይቻልምና። የትምህርት ቤቱን ስም የተውኩትም ጠቤ ከግድግዳው ስላልሆነ ነው።

መቼም ምስጋና ይቀድማል። ከስምንት ዓመት በፊት ልጄን አንደኛ ክፍል ሳስገባ፣ እንደ አገራችን ወግ፣ «ዓይኗን ብቻ አደራ፤ ሌላው የእናንተ ነው» ብዬ ነበር ያስረከብኳት። አባቴም እኔን ሲያስገባ ይህንኑ ነው ያለው። እርስዎ ቃሌን አክብረው ዓይኗን አልነኩም፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ደህና ያያሉ፣ ደህና አድርገውም ያለቅሳሉ። ጆሮዋን አደራ ሳልል መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ወደ ቅሬታዎቼ ስገባ፦

፩ኛ፦ ባለፈው ሰኞ ልጄ ቦኖ ላይ ውኃ ስትጠብቅ አርፍዳ መጣች። እርስዎም በር ላይ ጠብቀው ጠጠር ላይ አንበረከኳትና «ለምን አረፈድሽ?» አሏት። መለሰች። «ጭራሽ መልስ ትመልሽልኛለሽ!» ብለው በጥፊ አጮሏት። ቀጥለው «ውኃው ከእኔ ይበልጣል?» ሲሏት ፈርታ ዝም አለች፤ «ድዳ ነሽ?» ብለው ያንኑ ጉንጭ ደገሙት፣ ሠለሱት። አፍንጫዋ ደምቶ ዩኒፎርሟ እስከ ወገቧ ቀላ። እንግዲህ እርስዎ ከሚጠይቁት ውስጥ መልስ የሚፈልገው የትኛው እንደሆነ፣ ዝምታ የሚፈልገውስ የትኛው እንደሆነ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፉልን ልጆቻችን በቃላቸው ያጠኑት ነበር።

፪ኛ፦ ረቡዕ በሰልፍ ላይ በግራዋ በኩል ቆመው ጠሯት። ዝም አለች። ደግመው ጠሯት። አሁንም ዝም። «ይህ ንቀት ነው!» ብለው በዚያች ከሞተር ሳይክል ጎማ በቆረጧት መግረፊያ ባቷን ሰንበር በሰንበር አደረጉት። ይህም አልበቃ ብሎ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ላኩልኝ፤ ወላጅ ቀርቦ ስለ ንቀቷ የይቅርታ ቅጽ ካልፈረመ ክፍል አትገባም፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናም አትቀመጥም የሚል። ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እሷ ደግሞ ከክፍሏ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ ናት።

፫ኛ፦ ሐሙስ ልፈርም መጣሁ። አዎ፣ ልፈርም! ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። በዕድሜ ታናሼ ሲሆኑ «አንተ» እያሉ፣ «እናንተ ባለጋሪዎች ፈረስ እንጂ ልጅ ማሳደግ መች ታውቁና!» አሉኝ። ስድቡ ሳያልቅ ደወል ተደወለና «ሰኞ ና!» ብለው አሰናበቱኝ። ስለ ፈረስ ካነሱ አይቀር ልንገርዎ፤ አሥራ አራት ዓመት ጋሪ ስነዳ አለንጋዬ ከፈረሴ አንገት በላይ ወጥቶ አያውቅም። በእኛ በአዊ ፈረስን ፊቱን የሚመታ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ለመምህርነት ግን ይበቃል መሰለኝ።

ያን ዕለት ልጄን ጋሪው ላይ በቀኜ አስቀምጬ ስመለስ «ቤዚ» አልኳት። መንገዱን እያየች ዝም። ጮክ ብዬ ጠራኋት፤ ዝም። በማግስቱ እንጅባራ ወስጃት ሐኪሙ በመብራት አየና የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል አለኝ። እህህ! ሰኞ ያደነቆሯትን ልጅ ረቡዕ አልሰማሽኝም ብለው ገረፏት፤ የእኛስ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ።

ከእንጅባራ ስመለስ አለንጋዬን ጨብጬ ደጅዎ ድረስ መጥቼ እንደነበር አያውቁም። ልብስ ሲያሰጡ በአጥሩ አየሁዎት። ቆዳዎን ልገፈው፣ ጎማዎን ላስበላዎ ነበር ምኞቴ፤ አልዋሽም። የተመለስኩት ፈርቼ አይደለም፣ ጨዋ ሆኜም አይደለም። ምክንያቱን ከታች ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጄንና የሐኪሙን ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። ቅጹን አልፈርምም። ልጄ ቀኝ ጆሮዋን ወደ መምህሩ አድርጋ ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ፈተናዋንም ትፈተናለች። በሩን ከዘጉብን ጋሪዬን እዚያው ገትሬ ይህን ደብዳቤ ለአላፊ አግዳሚው አነበዋለሁ፤ ድምፄ ደግሞ የገበያ ድምፅ ነው።

ክንድዎን የማያዝል፣ እንቅልፍዎን ግን የሚነሳ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ፈረስ እንጂ ልጅ ማሳደግ የማላውቀው፣ ታዛዥዎ ለመሆን ሐሙስ ዕለት ጥቂት የቀረኝ፣

አበረ፣ ጋሪ ነጂ

ማሳሰቢያ፦ ሐኪሙ «ማን መታት?» ሲለኝ የእርስዎን ስም ጠራሁ። ልጄ ወለል ወለሉን ታይ ነበር። ሰኞ ደሟን እየጠረገች ቤት ገብታ «አስተማሪ መታኝ» ስትለኝ፣ ምን ሆነሽ ነው ሳልል፣ «አስተማሪ በከንቱ አይመታም!» ብዬ በዚያው ጉንጯ ላይ አንድ ጨምሬላት ነበር። ታምቡሩን የቀደደው የእርስዎ ጥፊ ይሁን የእኔ፣ ሐኪሙ ሊለየው አልቻለም። እናም የፊታችን ሰኞ በሰልፉ ፊት ተንበርክኬ ልጄን ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ከጎኔ ለእርስዎም ቦታ እተውልዎታለሁ።