ስለ ጋሼ ክዳን ዕረፍትና ስለጠፉት ስድስት መቶ ጥቁር ፎቶዎች

የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይህ መግለጫ መውጣት የነበረበት ከአምስት ቀን በፊት ነበር። የዘገየው ማኅበሩ ጊዜ አጥቶ አይደለም። እንድትጽፍ የታዘዘችው ጸሐፊ ከየት እንደምትጀምር ስላላወቀች ነው። አሁንም ስለማወቋ እርግጠኛ አይደለችም።

የሰማይ ተመልካቾች ማኅበራችን መሥራች፣ በሙያቸው የጉርድ ፎቶ አንሺ የነበሩትና ሁላችንም «ጋሼ ክዳን» የምንላቸው አባታችን፣ የካቲት 3 ቀን ጠዋት ፎቶ ቤታቸውን ሊከፍቱ ሲወጡ ደረጃ ላይ ወድቀው በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ማኅበራችን በእጅጉ አዝኗል። ሐዘናችን ግን ጥፋት ያለበት ሐዘን ነው፤ ጥፋቱም ከዚህ በታች ተጽፏል።

በ2005 ዓ.ም. ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ከሰፈሩ የመኪና ጋራዥ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ማኅበሩን መሠረቱ። ቀን ቀን «አገጭ ቀና፣ ዐይን እንዳይጨፈን» እያሉ የመታወቂያ ፎቶ ያነሳሉ። ሲመሽ ጣሪያው ላይ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ የማኅበሩን ካሜራ ይተክላሉ።

በ2007 ዓ.ም. ካሜራው ከዋክብትን እየተከተለ ቀስ ብሎ እንዲዞር የሚያደርግ መሣሪያ ከሁለት ጣውላ፣ ከበር ማጠፊያና ከባለቤታቸው የስፌት መኪና ሞተር ሠሩ። ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው «ሞተሩ ለኮከብ፣ ፔዳሉ ለእኔ!» ማለታቸው እስካሁን በማኅበሩ ይነገራል።

በ2009 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ባለ ቀለም የኔቡላ ፎቶ አወጡ። ኔቡላ በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። በዐይን ቢታይ እንኳ ግራጫ ነው። ካሜራ ግን ብርሃኑን ለረጅም ጊዜ ሲያጠራቅም ቀዩና ሰማያዊው ይወጣል። «ቀባኸው አይደል?» ለሚሏቸው ሁሉ «እኔ ለቃሚ እንጂ ቀቢ አይደለሁም» ይሉ ነበር።

ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. ባሉት ሦስት ዓመታት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ጽጌረዳ የሚመስለውን ኔቡላ አርባ አንድ ሰዓት አነሱ። ሥራቸው ሁሉ ይህ አንድ ፎቶ ሆነ። በየሌሊቱ መጨረሻ ሌንሱን ከድነው፣ በዚያው ብርድ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ የሚወስዱ ጥቁር ፎቶዎችም ያነሱ ነበር። «ክዳን» የሚለው ስማቸው የወጣው ከዚህ ነው። «ጋሼ ክዳን፣ ዛሬስ ማንን አነሱ?» ሲባሉ «የጨለማን ጉርድ» ብለው ይመልሳሉ። እንዲህም አስተምረውናል፦ «ካሜራ የራሱን ጉድ የሚናገረው ዐይኑን ስትሸፍኑት ነው።» ካሜራው ራሱ የሚፈጥራቸው ነጠብጣቦች በጥቁሩ ፎቶ ላይ ብቻቸውን ይታያሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ከኔቡላው ፎቶ ላይ ይቀንሳቸዋል።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. የማኅበሩ ኮምፒውተር ሞላ። ጸሐፊዋ የማያስፈልገውን እንድታጠፋ ታዘዘች። ጸሐፊዋ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ክፍሉን የምትጠርግና ቃለ ጉባኤ የምትገለብጥ ናት። ስድስት መቶ ፎቶዎችን ከፈተች፤ ሁሉም ጥቁር ነበሩ። የተበላሹ መስሏት አጠፋቻቸው።

በጥቅምት ጋሼ ክዳን ፎቶውን ለቤተ መጻሕፍቱ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጁ ሲቀመጡ ጥቁሮቹን አጧቸው። ጽጌረዳው ኩፍኝ እንደወጣበት ፊት ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሞልቶት ቀረ።

ኅዳር 6 ቀን ማኅበሩ ተሰበሰበ፤ ጥቁሮቹን ሳያነሱ የቀሩ መሰለን። አንድ አባል «ጋሼ ክዳን ክዳን ረሱ!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎችም ሳቁ። ሊቀመንበራችን ፋርማሲስቱ «ጋሼ ደክመዋል፣ ይረፉ» አሉ። ፎቶው ከኤግዚቢሽኑ እንዲወጣ፣ የካሜራው ሣጥን ቁልፍም ከእጃቸው እንዲወሰድ ተወሰነ። እሳቸው ያሉት «ረስቼ ይሆናል» ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ይህንን ቃል በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈች እንጂ ፎቶዎቹን ያጠፋችው እሷ መሆኗን አልተናገረችም።

ወሬው ቤታቸው ገባ። ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው ምድጃ መጥፋቱን ሁለቴ ያዩ፣ የቤቱንም ቁልፍ ራሳቸው ይይዙ ጀመር። ሰፈሩም «ሰውየው መርሳት ጀምረዋል» አለ።

በታኅሣሥ ሦስት ጊዜ ወደ ክፍላችን መጡ። ጥቁር ፎቶ ሰማይ አይፈልግም፤ ያው ካሜራና ያው ብርድ ከተገኘ እንደገና ይነሳል። «ካሜራውን ለጥቂት ንጋት ብቻ አውሱኝ» ብለው ለመኑ። ሁለት ጊዜ «ውሳኔ ውሳኔ ነው» ተባሉ። በሦስተኛው ከጸሐፊዋ በቀር ማንም አልነበረም። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነበር። አልጠየቋትም። «ልጄ፣ ጥቁር ፎቶ ባዶ አይደለም። ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው ንገሪው» አሏት። ያን ጊዜ ማወቃቸውን አወቀች። አንገቷን ደፍታ መጥረጓን ቀጠለች። እሳቸውም ደረጃውን ወረዱ፤ ተመልሰው አልመጡም።

ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ ትናንት ለአባላት ተናግራለች። ከዚያ ሊቀመንበሩ «ቁልፉን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የእኔም ይጻፍ» ብለዋል፤ ተጽፏል። ቀድሞ የሳቀውም አባል ስሙ እንዲጠቀስ ጠይቆ ነበር፤ የሳቅነው ብዙዎች ስለሆንን ተትቷል።

ስለዚህ የኅዳር 6ቱ ውሳኔ ተሽሯል። ጋሼ ክዳን አልረሱም። ከሥራቸው አንዲት ሌሊት እንኳ አላጎደሉም። ፎቶውን እሳቸው ባስተማሩን መንገድ ለመጨረስ እንሞክራለን፤ እንደ እሳቸው አድርገን እንደማንጨርሰው ግን እናውቃለን።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፣ ለጋራዡ ሠራተኞች፣ ፊታቸው በእሳቸው እጅ ላለፈ ደንበኞቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ይቅርታ ደግሞ ከሐዘን ጋር በአንድ መስመር የሚያልፍ ስላልሆነ ለብቻው እንጠይቃለን።

ይህ ወረቀት ነገ ከቀትር በኋላ በክፍላችንና በፎቶ ቤታቸው በር ላይ ይለጠፋል። ባለቤታቸው ግን እስከዚች ሰዓት ድረስ ባላቸው እየረሱ እንደሞቱ ነው የሚያምኑት። ይህን ቆመው ከበር ላይ እንዲያነቡ አልፈልግም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዬን ቤታቸው እሄዳለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ፤ የሚሉኝንም ሁሉ ብለው እስኪጨርሱ እዚያው እቆማለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ