ጽዋው የገባበት ቤት

ከጉና ሥር፣ ከመንገድ ሥራው ካምፕ
ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፱ ዓ.ም.

ለልጄ አባት፤

ለደብረ ታቦሩ ካድሬ አይደለም የምጽፈው፣ ለሠርካለም አባት ነው። እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ዘንድ ጧት ጧት ውርጩ እጃችንን ከጠጠሩ ጋር ሊያጣብቀው ምንም አልቀረው፤ ሌላው ደህና ነው። ልጅህ ጤነኛ ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። ሰላምታዬን ከዚህ በላይ አላስረዝመውም፣ ተናድጃለሁ።

ሰዎችህ እሑድ መጥተው ሙላቴን ወሰዱት። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ከሆነ በኋላ እንኳ መዶሻውን ያልጣለ ሰው፣ ከብት እንደነዳ ሌባ የፊጥኝ አስረው! ከዚያ ወዲህ ሥራ አቁመናል። ወታደሮቹ ወንዶቹን አንድ በአንድ እየጠሩና እየደበደቡ ሙላቴን የተካው ማነው፣ ሥራ አቁሙ ያላችሁስ ማነው ይሏቸዋል። ቅዳሜ አንተ ራስህ መጥተህ ትሰበስበናለህ አሉ። ሰውየው ካልወጣ ማኅበሩ ይፈርሳል፣ ወንዶቹም ይታሰራሉ ተብለናል።

ማኅበሩን አድኃሪ ብላችሁታል። እሸቴን ታውቀዋለህ፣ የጎረቤታችሁን ልጅ። አምና ቋጥኝ እግሩ ላይ ሲወድቅበት አለቆቹ በበቅሎ ይሂድ አሉ፣ መኪናው እዚያው ቆሞ! ያን ቀን ነው ሁላችንም መዶሻና አካፋችንን መሬት ያስቀመጥነው። እስኪፈርሙልን ድረስ አላነሣንም። ዛሬ የቆሰለ ሰው በመኪና ይሄዳል፤ የወለደች ሴት አርፋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ካምፑ ውስጥ ቁስል የሚያክም፣ መድኃኒት የሚሰጥ ድሬሰር አለ። ሙላቴ ያገሬው ሰውም ይታከም ብሎ ስለተሟገተ፣ የጉና ገበሬ የታመመ ልጁን አዝሎ እኛ ዘንድ ይሰለፋል።

በክረምቱ እናትህን የሳንባ ምች ሲይዛቸው ሆስፒታል ያደረሳቸው የመንግሥት መኪና ነው ብለህ ታወራለህ አሉ። ሳቄ መጣ። መንግሥት የት ሰምቶ? አለቆቹን መኪናው ካልወጣ ብሎ አፋጦ የያዘው ሙላቴ ነው። ጭቃው መኪናውን ሲይዘው በትከሻቸው የገፉት የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። እናትህ እስከ ዛሬ ሙላቴን ልጄ ነው የሚሉት። መታሰሩን አልነገርኳቸውም፤ ማን አሰረው ሲሉኝ ምን ልል ነው?

ስብሰባ ከከለከላችሁን ወዲህ የምንገናኘው በጊዮርጊስ የጽዋ ማኅበር ነው። ቄሱ ጠላውንና ዳቦውን ይባርካሉ፣ ከዚያ የሥራችንን ጉዳይ እናነሣለን። ሰኞ ሙላቴ በሌለበት ተሰበሰብን። እጅ አውጥተን እንዳንመርጥ ጆሮ ጠቢ አለ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ወር ጽዋውን ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው በሙላቴ ቦታ ይቁም ተባባልን። ማንም አልተነሣም። እነዚያ ጉልበተኞች ሁሉ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ሰው ተነሥቶ ጽዋውን ተቀበለ፣ ቄሱም መረቁ።

ወታደሮቹ ቤት ለቤት ሲፈትሹ ጽዋውን አይተውታል። የሩቅ አገር ልጆች ናቸው። በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከምሰሶው ሥር ሲያዩት፣ መቼም ሴት ካለችበት ቤት የጠላ ዕቃ አይጠፋም ብለው ስቀው ወጡ። ከዚያ ተመልሰው ወንዶቹን መደብደብ ቀጠሉ። አንተ ግን ዲያቆን ነበርክ። ቅዳሜ ልጄን ልይ ብለህ ወደ ቤቴ ጎራ ማለትህ አይቀርም፣ ስትገባ ዓይንህ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። በሰው ፊት ከምትደነግጥ አስቀድመህ እወቀው ብዬ ነው።

እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። ድሮ ስትቆጣ እንኳ እጅህን አታነሣብኝም ነበር፤ አሁን ምን እንደሆንክ አላውቅም። ቢሆንም ቅዳሜ ከፊት እቀመጣለሁ። ወንዶቹን ተውልኝ፣ የሚያውቁት ነገር ቢኖርም አይነግሩህም።

ሠርካለምን ነገ እናትህ ዘንድ አደርሳታለሁ። ጋቢዬን አልብሻታለሁ። ሌሊት ትባንናለችና ኩራዙን ቶሎ እንዳያጠፉባት ንገራቸው።

አምላክ ልብህን ያራራው፤ ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልህ፤ ከክፉ ትእዛዝ ይሰውርህ። ልጅህ መቼ ትመጪልኛለሽ ብላ ብትይዘኝ፣ አባትሽ ያውቃል አልኳት።

የልጅህ እናት